የአባ ዱራ እህት መንገድ ላይ ናት

ከመንዝ በወጣሁበት ዋዜማ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እናቴ ጭቃና እበት ለውሳ የበሩን ዙሪያ ትመርግ ነበር። ልጇ በማግስቱ አገር ለቆ ሊሄድ፣ እሷን ያስጨነቃት በመቃኑ ስር ያለች ስንጥቅ ናት። «ተይው እማዬ፣ ነገ ታደርጊዋለሽ፤ ዛሬ እንኳ አብረን እንቀመጥ» ብላት፣ ቀና ሳትል «አንተ ነገ የለህም፤ ብርዱ ግን ነገም አለ» አለችኝ። ተናደድኩ። ኋላ ግን አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ጭቃውን አቀብላት ጀመር። የተሰነባበትነው እንዲህ ነው፣ እሷ ስትመርግ እኔ ሳቀብል። እጇ በጭቃ ስለተለወሰ ያቀፈችኝ በክንዷ ነበር።

ለምን እንደወጣሁ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። አባቴ ከሞተ በኋላ መሬታችን ለእናቴ ትበቃለች፣ ለሁለታችን ግን አትበቃም። እኔ ደግሞ የያዝኩት ሙያ ልብስ ስፌት ነው፤ መንዝ ላይ ልብስ ሰፊ መሆን ማለት ለዓሣ ውሃ እንደመሸጥ ነው። ሰው አንድ ባና፣ ያን ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ፣ ከደረበ እስኪሞት አይቀይረውም፣ ሲሞትም ልጁ ይደርበዋል። ታዲያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጅማና አጋሮ ቡና ከተለቀመ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ አዲስ ልብስ እንደሚያሰፋ፣ ሰፊው ዓይኑ እስኪጠፋ እንደሚሠራ አወራልኝ። አመንኩት። ሰው መሄድ ሲፈልግ የሚነገረውን ሁሉ ያምናል።

እናቴ አልከለከለችኝም። ደረቷን ስለሚያማት፣ ውርጭ በመጣ ቁጥር ሌሊቱን ስታስል ስለምታድር፣ ቆላ ቀመስ አገር እንደሚሻላት እሷም ታውቃለች። «ቤት ስታበጅ እመጣለሁ» አለችኝ። «በሰው ቤት ጥግ ግን አልከርምም። ክረምት በራስ ቤት ነው።» ይቺን ቃል ይዤ ነው የወጣሁት። የስፌት መኪናዬን ራስ በአጎዛ ጠቅልዬ፣ እግሩን ሸክም ስለሆነብኝ ትቼው፣ ራሱን ብቻ በጀርባዬ አዝዬ።

ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ከቀዬ መውጣት የለም። የገበሬ ማኅበሩ ጽፎልኝ ነበር። ኬላ ላይ ጠብመንጃ ያነገተው ሰው ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ ብዙ አነበበ።

«ወዴት ነህ?»

«ጅማ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልብስ ልሰፋ።»

«አገርህ ልብስ የለም?»

«ልብስስ አለ፤ የሚያሰፋ ነው የጠፋው።»

«ታዲያ የጅማ ሰው አንተ እስክትመጣ ራቁቱን ነበር?»

«ሄጄ አይቼ እነግርዎታለሁ» ስለው፣ ሊመታኝ ይሁን ሊስቅ ሳይለይ አፉን ከፍቶ ቆየ። ከዚያ ጥቅሉን አስፈታኝና የመኪናውን መዘውር በጣቱ አዞረው። «ይሄ ይተኩሳል?» አለኝ። «ክር ብቻ» አልኩት። አለፍኩ።

መንገዱን አላስረዝመውም። ጊቤ ቆላ ስንወርድ ባናዬ እሳት ሆነብኝ፤ አውልቄ ተቀመጥኩበት። ዳገቱን ወጥተን ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። እኔ አረንጓዴ የማውቀው በነሐሴ ብቻ ነው፤ ይሄ ግን በየካቲት መጨረሻ፣ የእኛ አገር አፈር ሲቦንን፣ ከዛፉ ስር ሌላ ዛፍ፣ ከዚያም ስር ቡና። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምን ታፈጣለህ፣ ቅጠል አይተህ አታውቅም?» አለችኝ። እንዲህ ያለ አላየሁም አልኳት፤ እውነቴን ነው።

ጅማ ስደርስ እየዘነበ ነበር። ሄርማታ ገበያ አንድ ሱቅ ታዛ ስር፣ መኪናዬን በአጎዛው ታቅፌ፣ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ቆምኩ። አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ የጨርቅ ጥቅል ለተሸካሚ አስይዘው ሲያልፉ አዩኝና ተመለሱ።

«ያ ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ይሄ ያቀፍከው ሕፃን ነው?»

«የስፌት መኪና ነው።»

«እግሩስ?»

«አገሬ ቀርቷል።»

«ሱብሃነላህ» አሉ። «እኔ ዘንድ እግሩ አለ፣ ራሱ ነው የሌለው። የነበረኝ ሰፊ ራሱን ይዞብኝ ጠፋ።»

አባ ዱራን ያገኘኋቸው እንዲህ ነው። ጨርቅ ከሄርማታ ገዝተው አጋሮ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። በዚያው ቀን በጭነት መኪና አጋሮ ወሰዱኝ፤ መኪናዬ የሰው እግር ላይ ተቀምጣ ሱቃቸው በረንዳ ላይ መስፋት ጀመረች፤ እኔም ከግቢያቸው ጓሮ ያለችው ባዶ ክፍል ተሰጠችኝ። ሾፌሩ አልዋሸም ነበር። ሥራው ሞልቷል።

ግን ወገኖቼ፣ ሆድ ሲሞላ ነው ናፍቆት የሚጀምረው። አዴ ከዲጃ፣ የአባ ዱራ ባለቤት፣ የበቆሎ ቂጣ በማር ታቀርብልኛለች፤ ማሩ ከማር ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ እኔ ግን የማስበው የገብስ ገንፎ ነው። ቡናውን በጨው ይጠጡታል። እናቴ ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ ጠጣሁት፤ ሁለተኛውን ራሴ ጠየቅኩ። ሰዉ ደግሞ በር አይዘጋም። እኛ አገር ሰው ከሩቅ «ቤቶች!» ብሎ ጮሆ፣ ውሻ ተይዞለት፣ ተጠይቆ ነው የሚገባ። እዚህ «ቤቶች» ሲሉ ገብተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ደፋርነት መሰለኝ። ኋላ ግን አንድ ቀን ሳይገቡብኝ ቢያልፉ «ምን አጠፋሁ?» ብዬ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ያኔ ሰው ከሚኖርበት ሌላ ቤት ካለው ትርፍ ይባልና ለቀበሌ ይሆናል፤ ማከራየት ክልክል ነው። ዘመድ ማስጠጋት ግን ይቻላል። ስለዚህ አባ ዱራ የእህታቸው ልጅ አድርገውኛል፤ ለእኔ እንኳ አልነገሩኝም። የሰማሁት የቀበሌው ሊቀመንበር ጸሐፊውን አስከትሎ የጓሮዋን ክፍል ሊመረምር የመጣ ጊዜ ነው።

«ይሄ ሰው ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የእህቴ ልጅ» አሉ አባ ዱራ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «ስምህ?» አለኝ።

«ገብረማርያም።»

«አባ ዱራ፣ የእርስዎ የእህት ልጅ ገብረማርያም ነው?»

«እህቴ ሩቅ ነው ያገባችው።»

«የት?»

አባ ዱራ አገሬን ረስተውታል መሰለኝ፤ «መንዝ» አልኩ እኔ።

«ከአጋሮ መንዝ! ማን አደረሳት?»

«ፍቅር ነዋ» አሉ አባ ዱራ፣ ፊታቸው ምንም ሳይል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ብሔረሰቦች እኩል ናቸው ትሉን የለም? እህቴ ከእናንተ ቀድማ ሰምታ ነው።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሊቀመንበሩ ሞኝ አልነበረም፤ አባ ዱራንም እኔንም፣ ከዚያም የሻገተውን ግድግዳ አየ። «ጥሩ» አለ። «እህትዎን አያታለሁ። ክረምት ሲገባ እዚህ ካለች ቤቱ የእሷ ነው። ከሌለች የቀበሌ ነው።»

«ኢንሻአላህ ትመጣለች» አሉ አባ ዱራ። «ልጇም ለክረምት ቤቷን ሊያበጅላት ነው።»

ሊወጣ ሲል የኮቱን ኪስ ገልብጦ አሳየኝ። «ይቺ ተቀዳለች፤ ትሰፋልኛለህ?» አለኝ። ሰፋሁለት።

ሲሄዱ አባ ዱራን «እናቴ እንደምትመጣ ማን ነገረዎት?» ብዬ ጮህኩባቸው። «አንተ ነሃ» አሉኝ። «ጠዋት ማታ እናቴ ስትመጣ፣ እናቴ ስትመጣ ትላለህ። እኔ ምን ዋሸሁ? እህት የምትለዋን ብቻ ነው የጨመርኩ።» ቀጥለውም፣ በጅማ ወግ የእህት ልጅ ክረምት ሳይገባ የአጎቱን ቤት የማሰናዳት ግዴታ አለበት አሉኝ። ይሄ እውነት ወግ ይሁን ለራሳቸው ያወጡት ሕግ እስከዛሬ አላወቅኩም።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቤት ላይ ተንጠለጠለ። ክፍሏ ለክረምት ካልደረሰች እናቴ አትመጣም፤ እናቴ ካልመጣች ክፍሏ ትሄዳለች፤ እኔም አብሬ። በሚያዝያ ያ ሾፌር ከእናቴ ዘንድ ጆንያ ይዞልኝ መጣ፤ በውስጡ በሶ፣ አዲስ አጎዛና ራሷ የፈተለችው ባና አለ። በአፉ የላከችብኝም ይሄ ነው፦ «በልጉ ቀርቶብናል፣ ግን ክረምቱ ይመጣል። አንተ ቤቱን ጨርስ፤ ሰኔ ሲገባ ዘሬን ዘርቼ እመጣለሁ።»

በግንቦት አባ ዱራና አዴ ከዲጃ ሸቤ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ ሄዱ። እኔም እጄን ሰብስቤ አልጠበቅኩም። እናቴ ቤት ለክረምት እንዴት እንደሚሰናዳ ከልጅነቴ አስተምራኛለች። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ጭቃ በጭድ አቦካሁ። ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ዙሪያውን እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ነበረ፤ የሠራው ሰው ሰንፎ የተወው መስሎኝ ድፍን አድርጌ መረግኩት። መስኮቷን በሳንቃ ደፈንኳት። በሩን አጠበብኩ፣ በውስጥ በኩል ጨርቅ አንጠለጠልኩበት። የግድግዳውን ጥግ ተከትዬ መደብ ሠራሁ፤ አጎዛውን አነጠፍኩበት፣ ባናውን አጥፌ አስቀመጥኩበት፣ በሶውን ከስሩ። ከውጭ ደግሞ ግድግዳው ከመሬት በሚገናኝበት ዙሪያውን እንደ አገሬ ድንጋይ በድንጋይ ደረደርኩ። ስጨርስ በሩን ዘግቼ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። አንዲት የንፋስ ክር እንኳ አትገባም። እንዲህ ያለ ኩራት ከዚያ ወዲያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ግንቦት ላይ የአጋሮ ዝናብ ለቀልድ አይደለም። እኛ አገር በልግ የብቻው፣ ክረምት የብቻው ነው፣ መሃላቸው ሰው ልብሱን ያደርቃል። እዚህ ድንበር የላቸውም። ዘነበ፣ አባራ፣ ፀሐይ ወጥታ መሬቱን አጨሰችው፣ ደግሞ ዘነበ። እኔ ውስጥ ደረቅ ነኝ እያልኩ እደሰታለሁ። አንድ ነገር ይሸተኛል፤ ጎረቤት ነው እላለሁ።

አባ ዱራ ከሸቤ ሲመለሱ «ቢስሚላህ» ብለው በሩን ከፈቱና አንድ እግራቸውን አስገብተው ቀሩ።

«ገብሬ፣ ሰው ቀብረህበታል?»

«ብርድ እንዳይገባ ነው። እናቴ ደረቷን ያማታል ብዬዎት የለም?»

«ብርድ! ብርድን እዚህ ማን አየው? የዚህ አገር ጠላት ውሃ ነው ልጄ። ውሃ ደግሞ በጣራ ብቻ አይመጣም፤ ከመሬቱ ይወጣል፣ ከእስትንፋስህ ይወጣል። ያን ክፍተት የተውኩት ሰነፍ ሆኜ መሰለህ?»

ከበር ላይ አንድ ረጅም እንጨት አነሱና ከጣራው ስር የመረግኩትን ይወጉት ጀመር። ጭቃው ጓል ጓል እየሆነ ሲወድቅ፣ እናቴ በዚያ ማታ የመረገችውን የሚያፈርሱ መሰለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጃቸውን ያዝኩ። የአባቴን እኩያ ሽማግሌ፣ በገዛ ቤታቸው።

አባ ዱራ አልተቆጡም። እንጨቱን አስቀመጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እናትህ የመረገችው ቤት መንዝ ነው ያለው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያ አልተነካም። ይሄ የኔ ነው፤ የኔው ነው የሸተተ።» ከዚያ የተቀመጡበትን አጎዛ ገልበጥ አድርገው አቀበሉኝ። «እንካ፣ አንተው አሽትት።»

አጎዛው በሥሩ አረንጓዴ ሆኗል። ባናው ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ወጥቶበታል። የበሶው ከረጢት ሲከፈት እጄን ማስገባት አልቻልኩም። እናቴ በዚያ ውርጭ የፈተለችውን፣ በልግ በቀረበት ዓመት ከአፏ ቀንሳ የላከችልኝን፣ እኔ ለእሷ ብዬ በሠራሁት ቤት ውስጥ አሻገትኩት። አለቀስኩ። አባ ዱራ ወደ ውጭ እያዩ «ዝናቡ ሊያባራ ነው» አሉ፤ የሚያባራ ዝናብ አልነበረም።

በማግስቱ እንደገና ጀመርን፤ ያን ጊዜ አለቃ እሳቸው ናቸው። ክፍተቱን ከፈትን። መስኮቷን ከፈትን። መደቡን አፍርሰን በምትኩ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት አልጋ ተከልን። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሙዝና እንሰት ቆርጠን አራቅን፣ በጓሮ በኩል ውሃው የሚሄድበት ቦይ ማስን። የቆርቆሮውን የሚስማር ቀዳዳ በሬንጅ ደፈንን፤ ይሄኛውን ቀዳዳ መድፈን ተፈቅዶልኛል። እንጨቱን ከመሬት አንስተን ታዛ ስር ቆለልን። አዴ ከዲጃ ደግሞ ምድጃ አስገብታ ቀን ከሌት እሳት አነደደችበት፤ ከምድጃው በላይ ቆጥ ተሠራ፣ ባናውና አጎዛው ታጥበው እዚያ ላይ በጭስ ደረቁ። «ክረምቱን ሙሉ እሳት አይጥፋ» አለችኝ። «ሰው ባይኖር እንኳ ቤቱ ይሞቃል።» ባናው የጭስ ሽታው እስከዛሬ አልለቀቀውም፤ አሁንም የምደርበው እሱን ነው።

አንዱን ሥራዬን ግን አላፈረሱብኝም። ዙሪያውን የደረደርኩትን ድንጋይ አባ ዱራ በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው ምንም ሳይሉ አለፉት። ዝናቡ ሲበረታ፣ ከጣራ የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የሁሉንም ቤት ግድግዳ ከስሩ ሲበላው፣ የኔን ድንጋዩ አዳነው። አንድ ቀን ከሱቅ ቶሎ ብመለስ፣ አባ ዱራ ጎንበስ ብለው በራሳቸው ቤት ዙሪያ ድንጋይ ይደረድራሉ።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ዶሮዋ እየጫረች አስቸገረችኝ» አሉኝ።

ቤቱ አለቀ። አልጋው ላይ ባናው ተነጥፎ፣ ምድጃው ውስጥ ፍሙ አመድ ለብሶ፣ በሩ እንደ አገሩ ወግ ቀን ቀን ተከፍቶ ይውላል። እኔ ግን እዚያ አልጋ ላይ አልተኛሁም፤ የእሷ ስለሆነ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፌ ነበር የማድረው። ሰኔ ገባ። ከሾፌሩም ወሬ የለ፣ ከእናቴም።

ሊቀመንበሩ ግን መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ፣ ቦዩን አየ፣ አልጋውን በእጁ ተጫነው።

«ቤቱስ ያምራል። እህትዎ የታለች?»

«መንገድ ላይ ናት» አሉ አባ ዱራ።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና «በቶሎ ትድረስ» ብሎ ሄደ። ይቺ ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት አገለገለችን። እሱ በጠየቀ ቁጥር መንገድ ላይ ናት እንለዋለን፤ እሱም በቶሎ ትድረስ ይላል፤ እኔም ቀዳዳ ኪሱን እሰፋለታለሁ። ያን ቀን ግን ዳግመኛ የሚታገሰን አልመሰለንም። አባ ዱራ እሱ ከግቢ እንደወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «ደውልና መንገድ ላይ አድርጋት» አሉኝ።

መደወል ማለት እንደዛሬ አይደለም። ሾፌሩን አፈላልጌ በእሱ በኩል፣ ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ስልክ ያለበት ቤት ጠብቂኝ ብዬ ላክሁባት። ቅዳሜ አባ ዱራ አዲስ ቆባቸውን አድርገው «እህቴን ሰላም ሳልል?» ብለው አብረውኝ መጡ። አጋሮ ስልክ ቤት አግዳሚ ላይ ብዙ ተቀመጥን፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ስልከኛዋ ልጅ ስንቱን ከተማ ጠርታ በመጨረሻ እጀታውን በመስኮት አቀበለችኝ።

«ገብሬ?» አለች እናቴ። ድምጿ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

«እማዬ! እንዴት ነሽ? ደረትሽስ?»

«ደኅና ነኝ። አንተስ ትበላለህ?»

«እበላለሁ። እማዬ፣ ቤቱ አልቋል። አልጋ አለሽ፣ ምድጃ አለሽ፣ ባናሽም ተነጥፏል። መቼ ትመጫለሽ?»

ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው መሰለኝ።

«ልጄ፣ አልዘራሁም» አለችኝ። «በልጉ ቀረ፣ ሰኔም ይኸው ገብቶ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንዲት ጠብታ የለም። ሳልዘራ ብሄድ ማኅበሩ መሬቱን ለሌላ ይሰጠዋል። ጠብታ ትውረድና ዘርቼ እመጣለሁ።»

«ተይው መሬቱን! ቤት አለሽ እኮ እዚህ።»

«መሬቱማ የአባትህ ነው» አለች።

አባ ዱራ እጀታውን ከእጄ ወሰዱት። «እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ ወንድምሽ አባ ዱራ» አሉ ከሚገባው በላይ እየጮሁ። «ልጅሽ ቤትሽን እንደ ሙሽራ ቤት ነው ያሰናዳው። እኔ አሳየሁት፣ እሱም አሳየኝ። እሳቱን አናጠፋውም፣ ወላሂ። አንቺ ብቻ ነይ።» የመለሰችላቸውን አልሰማሁም። አባ ዱራ ግን ቆባቸውን አወለቁና «አሚን፣ አሚን» እያሉ እጀታውን መለሱልኝ።

ያኔ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ዶፉ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። የስልክ ቤቱ ጣራ ተንጫጫ፣ ስልከኛዋ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምጿን አልሰማም።

«ገብሬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው? መኪና ነው?»

«ዝናብ ነው፣ እማዬ።»

«ምን?»

«ዝናብ!»

ይሄን ቃል እየጮህኩ ስነግራት አፈርኩ። ሦስት ወር ሙሉ የረገምኩት፣ በቦይ ያባረርኩት፣ በሬንጅ የከለከልኩት ዝናብ ነው። አንድ ጣሳ እንኳ የምልክበት መንገድ የለኝም።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ «እንዴት ነው የሚወርደው!» አለች፣ እንደ ልጅ። «እስቲ አንተ ዝም በል። ስልኩን ወደሱ አስጠጋልኝ፣ ልስማው።»

ገመዱ እስከደረሰ ድረስ እጀታውን ስቤ ወደ ክፍቱ መስኮት ያዝኩት። ስልከኛዋ ደቂቃው ማለቁን በጣቷ አሳየችኝ፤ አባ ዱራ ተነሥተው ጆሮዋ ስር አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሷም መስመሩን ሳትነካው እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ዝናቡ ክንዴን፣ እጅጌዬን፣ እጀታውን ሁሉ አራሰው። እጄ ሲዝል መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«እማዬ፣ ሰማሽው?»

የመለሰልኝ የእናቴ ድምፅ አልነበረም። የማላውቀው አንድ ሽማግሌ ነው። ከኋላው ሴቶች «ለኔም፣ ለኔም» ይላሉ።

«ልጄ፣ እናትህ ናት የሰጠችኝ» አለኝ ሰውዬው። «አሁንም ይዘንባል?»

«ይዘንባል፣ አባቴ።»

«እባክህ ትንሽ አቆየው። ሰው ተሰልፏል።»

እጀታውን እንደገና ወደ መስኮቱ ያዝኩት።